ፍሪጃችን ላይ የነበረው ቀይ ካርታ

ባለፈው ወር እናቴ ፍሪጇን ቀየረች። ሜሪላንድ፣ አስፐን ሂል ባለው ቤታችን ወጥ ቤት ውስጥ ነፍስ ካወቅኩ ጀምሮ ሲያጉረመርም የኖረውን አሮጌ ፍሪጅ ሁለት ጎረምሶች ጎትተው ሲያወጡት፣ ከኋላው የበርበሬ ብናኝና የቆየ ዘይት ሽታ ወጣ። ከአቧራው መሃል የብዕር ክዳን፣ የደረቀ የሽንኩርት ልጣጭና አራት ላይ የታጠፈ ትልቅ ወረቀት ነበር። ወረቀቱን ገለጥኩት። የአሜሪካ ካርታ ነው። ገሚሱ በቀይ እርሳስ ተቀብቷል፤ እዚህም እዚያም ቅባት ጠጥቶ ያበራል። ቅባቱ ለጉንፋን የሚቀባው ቪክስ ነው፣ የጋሼ ደምሴ የጣት ምልክት። ይህን ያህል ዓመት ቆይቶ አሁንም ይሸታል ብል ማንም አያምነኝም፤ እኔን ግን ሸተተኝ።

እናቴ በትከሻዬ አሻግራ አየችና፣ «ይሄ ነገር አሁንም አለ እንዴ? ጣይው ባክሽ» አለች።

አልጣልኩትም። ካርታው ሲቀባ እሷ ሥራ ላይ ነበረች።

አሥር ዓመቴ ነበር። አባቴ ዲሲ ውስጥ ታክሲ መንዳት ሰልችቶት ትልቅ የጭነት መኪና መንዳት የጀመረበት ዓመት ነው። ትራኩ ቤታችን አጠገብ የሚቆምበት ቦታ ስለሌለው አይቼው የማውቀው ሁለት ጊዜ ብቻ ነበር፤ ጎማው ከእኔ ይበልጣል። አባቴ ሲሄድ አንድ ሳምንት፣ አንዳንዴም ሁለት ሳምንት ይቆያል። እኔ ከድሮም ፈሪ ነኝ። ሊፍት እፈራለሁ፣ የርግብ ክንፍ እፈራለሁ፣ የእሳት አደጋ መኪና ጩኸት ከሰማሁ የሚሄደው ወደ እኛ ቤት ይመስለኛል። እንዲህ ላለች ልጅ የትራክ ሹፌር አባት መስጠት እግዜር ሲቀልድ ነው።

ጋሼ ደምሴ የእናቴ አጎት ነበሩ፤ ነፍሳቸውን ይማር። ደሴ መናኸሪያ ውስጥ ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ሲሸኙና ሲቀበሉ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ እናቴ አመጣቻቸው። ከትምህርት ቤት ስመለስ እናቴ ሮክቪል በሚገኝ የአረጋውያን መኖሪያ ሥራ ላይ ስለምትሆን የምንቆየው እሳቸውና እኔ ብቻ ነን። ክረምት ከበጋ አፍንጫቸውንና ጉልበታቸውን ቪክስ ይቀባሉ። እንግሊዝኛ አያውቁም፤ ግን ከጠዋት እስከ ማታ የአየር ጠባይ የሚያወራውን ጣቢያ ያያሉ።

«ሌላው ጣቢያ ሰው ብቻ ነው የሚያሳየው፤ ይሄኛው አገር ያሳያል» ይላሉ።

ካርታውን ፍሪጁ ላይ የለጠፉት እሳቸው ናቸው። አባቴ የጭነት መኪኖች ከሚያርፉበት ማደያ፣ ከትራክ ስቶፕ፣ ያመጣው ነበር። «መኪና የሸኘ ሰው መድረሱን ሳይሰማ ቁጭ አይልም» አሉና በአራት ማግኔት ለጠፉት፤ አምስተኛው፣ ከሱፐርማርኬት በነጻ የተሰጠን የሙዝ ቅርጽ ያለው ማግኔት፣ የአባቴ መኪና ሆነ። አባቴ ሁልጊዜ ከራት በፊት ይደውላል። የደረሰበትን ከተማ ይነግረኛል፣ እኔ ፈልጌ ሙዙን አንቀሳቅሳለሁ፣ ጋሼ ደምሴ ደግሞ በቪክስ ጣታቸው ተጭነው ያረጋግጣሉ።

ሁለተኛው ሥራዬ ማስተርጎም ነበር።

«አንቺ እሜቴ፣ ሰውዬው ምን አለ?»

«ነገ ይዘንባል አለ።»

«የት?»

«ኦሃዮ።»

«ሙዙ የት ነው?»

«ፔንሲልቬንያ።»

«ጎረቤት ነው» ይሉና ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ። ሁለታችንም እንዲህ እየተናበብን ስንጨነቅ እንውላለን።

በዚያ ጸደይ ትምህርት ቤት ስለ ቶርኔዶ፣ ቤት ስለሚነቅለው አዙሪት ነፋስ፣ መማር ጀመርን። ቀድመን ልምምድ አደረግን። ደወል ሲጮህ ወደ ኮሪደሩ ወጥተን በግድግዳው ትይዩ ተንበርክከን፣ ግንባራችንን መሬት አስነክተን፣ ማጅራታችንን በሁለት እጃችን ሸፍነን። ሌሎቹ ልጆች ሲሳሳቁ እኔ ግንባሬን ከመሬት አላነሣሁም። መምህርታችን ጀርባዬን መታ መታ አድርጋ፣ እዚህ ሜሪላንድ ብዙም አይመጣም፣ ቢመጣም ትንሽ ነው አለችኝ። ታዲያ የት ነው የሚመጣው ብዬ ጠየቅኳት። እሱን ሐሙስ እንማራለን አለች።

ሐሙስ ባዶ ካርታ ታደለንና ቀይ እርሳስ አወጣን። ቴክሳስ፣ ኦክላሆማ፣ ካንሳስ፣ ኔብራስካ። መሃል አገር ነው፣ ሜዳ ነው፤ ከደቡብ የሚመጣው ሞቃትና እርጥብ አየር ከተራራ ከሚወርደው ደረቅና ቀዝቃዛ አየር ጋር የሚጋጠመው እዚያ ነው። ከዓለም ሁሉ ቶርኔዶ የሚበዛው በዚህ መስመር ነው አለችን። እኔ ምላሴን አውጥቼ ከመስመር ሳልወጣ ቀባሁ። አንዱን ክልል ጨርሼ ወደ ሌላው ስሻገር ቶርኔዶ ራሱ ድንበር የሚያከብር መሰለኝ። ኦክላሆማ ውስጥ ሲሽከረከር ቆይቶ ዳር ላይ ሲደርስ እንደ ሰፈር ውሻ የሚመለስ። ቀይ ያልሆነው ነጭ ነው፤ ነጩ ደግሞ ደህና ነው። መምህርቷ ደወል ሲደወል «ነገ እንጨርሰዋለን» ማለቷን ልብ አላልኩም። ቤት እንደገባሁ የፍሪጁን ካርታም በዚያው እርሳስ እንደዚያው ቀባሁት። ጋሼ ደምሴ መነጽራቸውን አድርገው አዩና፣ «እንዲህ ነው ትምህርት» አሉኝ።

በነጋታው ትምህርት ቤት አልሄድኩም። የእኛ ስቅለት ነበር። በዚያ ዓመት ፋሲካችን ከፈረንጆቹ ዘግይቶ ስለዋለ የእነሱ ዕረፍት ካለፈ ቆይቷል፤ እናቴ ለትምህርት ቤቱ ደውላ «ሆሊዴይ አለብን» አለቻቸውና ነጠላ አልብሳ ቤተ ክርስቲያን ወሰደችኝ። አዳራሹ ጢም ብሏል። እግዚኦ እየተባለ ይሰገዳል፤ ሕዝቡ ሁሉ እየወደቀ ይነሣል፣ ግንባሩን ምንጣፍ ያስነካል። እኔም ከኮሪደሩ ልምምድ ጋር አንድ ነው ብዬ ግንባሬን ባስነካሁ ቁጥር ማጅራቴን በሁለት እጄ እሸፍናለሁ።

እናቴ እጄን መታ አደረገችኝ። «ምን እያደረግሽ ነው?»

«ቢመጣስ?» አልኳት በሹክሹክታ።

«ምኑ?»

ደግሜ ማጅራቴን ሸፈንኩ። ያን ሁሉ ሰው አንድ ላይ ሲንበረከክ ሳይ፣ እነሱም የፈሩት ነገር አለ ብዬ አሰብኩ። ለካ እኔ እዚያ ስሰግድ፣ ክፍል ውስጥ ጓደኞቼ የካርታውን ሌላ ግማሽ ይቀቡ ነበር።

አባቴ ቅዳሜ ማታ ገባ። እሑድ ዶሮውን በልተን ሳንጨርስ ስልኩ ጮኸ። ዲስፓቸሩ ነው፣ ጭነት የሚመድበው ሰውዬ። ለእሱ ፋሲካ ካለፈ ቆይቷል። አባቴ ስልኩን በመዳፉ ሸፈነና ወደ እኔ ዞረ።

«ሁለት ሎድ አለ ይለኛል። አንዱ ኦክላሆማ ሲቲ ነው፤ አንዱ ሚሲሲፒ፣ ጃክሰን የምትባል ከተማ። እስቲ አስተማሪዬ፣ የቱን ልውሰድ?»

ይህንን ሲል ፊቱ ላይ ቀልድ ነበር። ግን የጠየቀው እኔን ነው። በዚያ ቤት የሰው ቃል አስተረጉም ነበር እንጂ የራሴን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ወንበሬ ላይ ቆምኩ።

«ሚሲሲፒ! ኖት ኦክላሆማ፣ ዳዲ! ኦክላሆማ ቀይ ነው። ሚሲሲፒ ነጭ ነው፤ ሂድና ፍሪጁ ላይ እየው።»

ጋሼ ደምሴ አጥንት እየጋጡ፣ «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» አሉ።

እናቴ ግን፣ «እኔም ኦክላሆማን አልወደውም። ሁልጊዜ በቲቪ የሚያሳዩት እሱን ነው። ልጅቷ ያለችህን አድርግ» አለችው። አባቴ ሳቀና፣ «ጃክሰን እሄዳለሁ» አለ በስልኩ። በዚያው ቀን ተነሥቶ ሄደ። ግንባሬን ስሞኝ ሲወጣ ቁመቴ የጨመረ መሰለኝ።

ሰኞ ጠዋት ክፍል ገብቼ ቦርሳዬን ሳላወርድ ግድግዳውን አየሁ። ትልቁ ካርታ ላይ አላባማ ቀይ ነው። ሚሲሲፒ ቀይ ነው። ቴነሲና አርካንሶም ቀይ ናቸው። እንዲያውም ቀለማቸው ከመሃሉ ይበልጥ የደመቀ ነው።

«ይሄ ስሕተት ነው» አልኳት መምህርቷን።

«አርብ አልነበርሽም እኮ» አለችኝ። አጠገቧ አስቀምጣ ያመለጠኝን ቀስ ብላ አስረዳችኝ። ሜዳው ላይ ብዙ ጊዜ ይመጣል፤ ግን ከሩቅ ስለሚታይ ሰው ይሸሻል። ደቡብ ላይ ኮረብታና ዛፍ ይሸፍነዋል፣ በዝናብ ተጠቅልሎ ይመጣል፣ ብዙ ጊዜም ከጨለመ ነው። ሰው የሚኖርባቸው ብዙ ቤቶች ቀላል ናቸው፣ ነፋሱ ያነሣቸዋል። ስለዚህ ብዙ ሰው የሚሞተው እዚያ ነው። አጠያየቄ አስገርሟት መሰለኝ፣ «እዚያ ዘመድ አላችሁ?» አለችኝ። የለንም አልኩ። ዘመድ ማለት በልጅነት ጭንቅላቴ እዚያ የሚኖር ሰው ነበር፤ አባቴ የሚያልፍ ነው እንጂ የሚኖር አይደለም።

የዚያን ቀን ማታ አባቴ ከራት በፊት ደወለ። ቴነሲ ገብቷል።

«ያንቺን መንገድ ይዤልሻለሁ። ሰማዩ ጥርት ብሏል። ለሁሉም ሹፌር ነው የምነግረው፤ ልጄ ናት መንገድ የምትመርጥልኝ እያልኩ።»

ያኔ መናገር ነበረብኝ። ቃሉ አፌ ላይ ደርሷል፣ በእንግሊዝኛም በአማርኛም። አባዬ፣ ግማሹን ነው የተማርኩት። ይህን ብል ግን ዳግመኛ አይጠይቀኝም፤ እንደገና ሙዝ የምታንቀሳቅስ ልጅ ብቻ ልሆን ነው። በዚህ አንድ ነገር ይኸው እስከ ዛሬ በራሴ አፍራለሁ።

«ኦኬ፣ ዳዲ» አልኩት። ሙዙን ቴነሲ ላይ አደረግኩት፣ ቀዩን እርሳስ ግን አላነሣሁም። ካርታችን ደቡቡን ነጭ አድርጎ አደረ።

ማክሰኞ ከትምህርት ቤት ስመለስ ጋሼ ደምሴ ከሶፋው ጫፍ ላይ ነበሩ። ዘና ሲሉ ይደገፋሉ፤ ጫፍ ላይ ከተቀመጡ ነገር አለ። ቲቪው ላይ ሰውዬው ኮቱን አውልቆ፣ እጅጌውን ሰብስቦ በፍጥነት ያወራል። ከኋላው ያለው ካርታ ቀይና ወይን ጠጅ ሆኗል። ሚሲሲፒና አላባማ ናቸው። ሰውዬው የሚለው፣ አሁኑኑ ከመኪና ውረዱ፣ ምድር ቤት ግቡ፣ ምድር ቤት ከሌለ ቤቱ መሃል ወዳለው ክፍል ግቡ ነው።

«አንቺ ልጅ፣ ምን አለ?»

«ኦክላሆማ ነው አለ፣ ጋሼ።»

እንደገና ጠየቁኝ።

«ዝናብ ነው አለ። ትንሽ ዝናብ። ኦክላሆማ።»

ጋሼ ደምሴ ቀስ ብለው ተነሡ፣ ቲቪው ጋ ሄዱና መስታወቱን በጣታቸው ነኩት። ከዚያ ወጥ ቤት ገብተው ሙዙ ካለበት በታች ያለውን ቦታ በዚያው ጣት ነኩ።

«ይቺ እንደ ሰው እግር ወደ ባሕር የወረደችው አላባማ ናት። አጠገቧ ያለችው ሚሲሲፒ ናት። ቋንቋ አላውቅም እንጂ ዓይን አለኝ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሹፌር ሲዋሸኝ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ አንቺ ገና ጀማሪ ነሽ።»

አለቀስኩ። እየተነፋረቅኩ ሁሉንም ነገርኳቸው፦ አርብን፣ ስግደቱን፣ ግድግዳውን፣ ማታ በስልክ ዝም ማለቴን። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። አልተቆጡም፤ የቤቱን ስልክ አነሡና ሰጡኝ።

«ደውዪለት።»

ደወልኩ። ይጠራል፣ አይነሣም። ደገምኩ። አይነሣም። በሦስተኛው መጥራቱንም ተወ፤ በቀጥታ መልእክት አስቀምጡ የሚለው ድምፅ መጣ። የአባቴ ድምፅ ነው፣ በዚያ በሚያፍርበት እንግሊዝኛው። መልእክት ማስቀመጥ ፈራሁ፤ ምን ብዬ ነው የማስቀምጠው?

«ጋሼ፣ ደህና ነው አይደል?» አልኩ።

ትልቅ ሰው እንዲህ ሲባል የሚመልሰው አንድ ነገር ነው። እሳቸው ግን አጠገቤ ተቀመጡና ጉልበታቸውን አሹ።

«አላውቅም፣ ልጄ» አሉኝ። «አንድ ጊዜ መናኸሪያ አንዲት እናት ልጇን ስትጠብቅ መሸባት። 'ይደርሳል፣ እርስዎ ቤትዎ ይግቡ' ብዬ ሰደድኳት። አልደረሰም። ስለ መኪናው አልተቀየመችኝም፤ ብቻዋን እንድትሰማ ስላደረግኳት ነው የተቀየመችኝ። እና አላውቅም። ግን እዚሁ ነኝ።»

እዚሁ ነበሩ። ስልኩን መሃላችን አድርገን፣ ሰውዬው ያለውን ሁሉ ሳልቀንስ እያስተረጎምኩላቸው። የከተማ ስም በተጠራ ቁጥር ፍሪጁ ጋ ሄጄ እፈልጋለሁ። ትንሽ ቆይተው እርሳሱን አመጡልኝና፣ «ቀቢው» አሉኝ። አላባማን ቀባሁ። ሚሲሲፒን ቀባሁ። ከመስመር ወጣሁ።

የራት ሰዓት አለፈ፣ ስልኩ አልጮኸም። እናቴ ከነዩኒፎርሟ ገብታ ፊታችንን ስታይ ቦርሳዋን በር ላይ ጣለች። ጋሼ ደምሴ ያለውን ሁሉ ነገሯት፤ የእኔን ዝምታ ብቻ አስቀሩ። እሱን ለእኔ እንደተዉት ያኔ አልገባኝም። እናቴ ነጠላዋን አንሥታ ወደ ምሥራቅ ዞረች።

«እመቤቴ፣ በደህና ብታመጪልኝ ጃንጥላ አስገባለሁ!»

ስለት መሆኑን አላወቅኩም። አባቴን ከነፋስ ልታስጥልበት መሰለኝ። «እማዬ፣ ጃንጥላ ለነፋስ አይሆንም፤ ይገለበጣል» ብዬ ስላት ይዛኝ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀች።

አባቴ የደወለው በማግሥቱ ጠዋት፣ ቁርሴ ፊቴ ተቀምጦ ሳልነካው፣ በማያውቀው ሰው ስልክ ነው። ትራክ ስቶፕ ገብቶ ነዳጅ ሲቀዳ አንዲት ገንዘብ ተቀባይ ሴትዮ እየጮኸች ወጥታ፣ ሁሉንም ሰብስባ ወተትና ቢራ የሚቀመጥበት የብርድ ክፍል ውስጥ አስገባቻቸው። ተንበርክከው ማጅራታቸውን ሸፈኑ። ሲወጡ የሱቁ ጣሪያ የለም፤ ትሬለሩ፣ ጭነቱ ያለበት ተሳቢ፣ በጎኑ ተኝቷል፤ ስልኩ መኪናው ውስጥ እንዳለ ጠፍቷል። ሰው ግን አልሞተም።

«በልጄ እድል ነው የተረፍኩት!» ይላል እያለቀሰ። «የልጄ እድል ነው ያወጣኝ!»

እናቴ እልልታዋን አቀለጠችው። እኔ ወተቴ ላይ አፈጠጥኩ።

ከዚያ በኋላ የነበረው ከዚያች ማታ የባሰብኝ ነው ብል አታምኑኝም። አባቴ ለሰው ሁሉ ያወራል። ስለቱ ሲገባ ጃንጥላውን ያስያዙኝ እኔን ነው፤ ወርቃማ ዘርፉ እጄ ላይ እየተርገበገበ። ሴቶች ጉንጬን እየሳሙ «ባለ እድል» ይሉኛል። የኦክላሆማውን ሎድ የወሰደው ሌላ ሹፌር ደግሞ እኛ ቤት መጥቶ፣ መንገዱን ሁሉ ፀሐይ እንደነበር ሻይ እየጠጣ ሲያወራ ሰማሁት። አባቴ አልሰማም ወይም እንዳልሰማ ሆነ። ጋሼ ደምሴ አንድ ጊዜ ብቻ አዩኝ።

ትራኩ ተጠግኖ ሲያልቅ ትምህርት ሊዘጋ ተቃርቦ ነበር። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አባቴና እኔ ወጥ ቤት ቁጭ ብለን ሳለ ዲስፓቸሩ ደወለ። አባቴ ስልኩን በመዳፉ ሸፈነ። አሁን ፊቱ ላይ ቀልድ አልነበረም።

«ካንሳስ ወይስ አላባማ? ባለ እድሌ፣ የቱን ልውሰድ?»

እናቴ ሽንኩርት መክተፏን አቆመች። ጋሼ ደምሴ ከሶፋው አልዞሩም፤ ግን የቲቪውን ድምፅ ቀነሱት።

«አላውቅም» አልኩት።

«እንዴት አታውቂም?»

«አላውቅም፣ አባዬ። ያን ጊዜም አላውቅም ነበር። ግማሹን ነው የተማርኩት። ሌላውን ሰኞ ዕለት ሰማሁ፤ ማታ ስትደውልልኝ አውቄ ነበር፣ ግን አልነገርኩህም።»

ስልኩ ውስጥ ሰውዬው «ሄሎ? ሄሎ?» ይላል። አባቴ «ኮል ዩ ባክ» አለውና ዘጋው። ያየኝ ሁኔታ እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ አለ፤ ቁጣ ብጠብቅ ድካም ነው ያየሁት። የአባቴን ፍርሃት ያየሁት ያን ቀን ነው።

«እኔስ መች አወቅኩ፣ ልጄ» አለ። «እየፈራሁ ነው እኮ የምሄደው። አንቺ ስትመርጪልኝ ቀለል ስለሚለኝ ነው የጠየቅኩሽ።»

ወንበሩን ስቦ ፍሪጁ ፊት ተቀመጠ።

«በይ፣ አሁን ሁሉንም ንገሪኝ። አንድም ሳታስቀሪ።»

ከቴክሳስ ጀመርኩ። ኦክላሆማ፣ ካንሳስ፣ ኔብራስካ፤ የት ብዙ ጊዜ እንደሚመጣ። ከዚያ አርካንሶ፣ ሚሲሲፒ፣ አላባማ፣ ቴነሲ፤ የት ብዙ ሰው እንደሚሞት፣ ለምን እንደማይታይ። ጋሼ ደምሴ ተነሥተው መጡና እኔ በጠራሁ ቁጥር በቪክስ ጣታቸው ተጫኑ። አባቴ ተማሪ መስሎ አዳመጠ። ስጨርስ ወደ ሥራው የሚያደርስ ነጭ መንገድ አልነበረም።

«እሺ፣ ከሩቅ የሚታየኝን ልምረጥ» አለና ውሃ ጠጣ። ከዚያ ተነሥቶ ወደ ዲስፓቸሩ ደወለ፣ «ካንሳስ» አለው፣ ቁልፉን አነሣና ወጣ።